«ቀዩ ዘንዶ» በሦስት ስክሪን፦ ገዳዩ «እብድ» ነበር እንዴ?



ሰሞኑን ኢንቦክሴ ስለ ጨጓራና ስለ ደም ግፊት መጠየቁን ትቶ ስለ ነፍሰ ገዳይ ፊልሞች መጠየቅ ጀምሯል። «ዶክተር፣ እንደዚህ በተከታታይ የሚገድሉ ሰዎች የአእምሮ ሕመምተኞች ናቸው አይደል?» የሚለው ብዙ ጊዜ ይመጣል። አንዲት እናት ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ሌሊት አልጋ ላይ ይሸናል። ይሄ የገዳዮች የልጅነት ምልክት ነው ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ይህቺ ጥያቄ አሳሰበችኝ። ምክንያቱም ከፊልም የወጣ ነገር ቤት ገብቶ ሕፃን ልጅ ላይ እንዳረፈ ታሳያለች።

ስለዚህ ዛሬ ለየት ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ሦስት ጊዜ በስክሪን የተሠራ አንድ ልቦለድ አለ። ሦስቱም ያንኑ ገዳይ ያሳያሉ፤ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ለሚለው ግን የየራሳቸውን መልስ ይሰጣሉ። አንዳንዱ መልስ ለሐኪም ጆሮ ደህና ነው፤ አንዳንዱ ግን ሰው ይጎዳል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናገር፣ ሳላየው አይነገረኝ የምትሉ እዚህ ላይ አቁሙና በኋላ ተመለሱ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ልቦለዱ «ሬድ ድራገን» ይባላል፤ ቀይ ዘንዶ ማለት ነው። አሜሪካዊው ቶማስ ሃሪስ በ1981 ነው ያሳተመው። ሃኒባል ሌክተር የሚባለው ሰው በላ የአእምሮ ሐኪም መጀመሪያ የታየው እዚህ መጽሐፍ ላይ ነው። አብዛኞቻችሁ የምታውቁት በ1991 ከወጣው «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» ፊልም ይሆናል፤ ያ ግን ከሁለተኛው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ሌክተር ገና ከጅምሩ እስር ቤት ነው፤ የሚታየውም ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ዋናው ገዳይ ፍራንሲስ ዶላርሃይድ ይባላል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት መላ ቤተሰብ ይገድላል። የሚሠራው ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ በሚገኝ የፊልም ማጠቢያ ድርጅት ነው፤ ሰዎች ለማሳጠብ የላኩትን የቤተሰብ ፊልም እያየ ነው ቀጣዮቹን የሚመርጠው። ሲወለድ ከንፈሩና ላንቃው የተሰነጠቀ ነበር። እናቱ ጥላው ሄደች፤ ጨካኝ አያት አሳደገችው። ካደገ በኋላ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ብሌክ የሣለውን ቀይ ዘንዶ ለመሆን እየተለወጥኩ ነው ብሎ ያምናል። የራእይ ዮሐንስን ምዕራፍ 12 የሚያውቅ ሰው ዘንዶውንም ፀሐይን የተጎናጸፈችውንም ሴት ወዲያው ያስታውሳል፤ ብሌክ የሣለው ያንን ነው። ሥዕሉ ዛሬ ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ሙዚየም ውስጥ አለ።

ገዳዩን የሚያድነው ዊል ግራሃም ነው። ችሎታውም ሕመሙም አንድ ነገር ነው፦ እንደ ገዳዩ ማሰብ ይችላል። ከዚህ በፊት ሌክተርን የያዘው እሱ ነው። ሲይዘው ሊሞት ደርሶ ነበር፤ ከዚያም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተኝቶ ታክሟል።

እንግዲህ ወደ ፊልሞቹ።

የመጀመሪያው «ማንሃንተር» ነው፤ በ1986 ማይክል ማን አዘጋጀው። በጊዜው ገበያ አልቀናውም፤ እኔ ግን ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ይሄንን ነው የምመርጠው። የዶላርሃይድን የልጅነት ታሪክ ከሞላ ጎደል ቆርጦ ጥሎታል። አያቲቱ የለችም፣ መቀስ የለም፣ የሚረጥብ አልጋ የለም። ቶም ኑናን የሚባለው በጣም ረጅም ተዋናይ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ከንፈሩ ላይ ያለችው ጠባሳ እምብዛም አትታይም። ግራሃም አንድ ቦታ ላይ ስለ ገዳዩ ሲናገር ለልጅነቱ እንደሚያዝን፣ ለአዋቂው ግን እንደማያዝን ይገልጻል፤ በቃ፣ ፊልሙ ከዚህ አልፎ ምክንያት አይፈልግም። «ለምን?» ለሚለው ብዙም አይመልስም ማለት ነው። ሐኪም ሆኜ ሳየው ይሄ ዝምታ ታማኝነት ይመስለኛል። ሰው ለምን ደጋግሞ ይገድላል ለሚለው ሳይንስም ቢሆን አንድ አጭር መልስ የለውም።

ፊልሙ ጊዜውን የሚያጠፋው በግራሃም አእምሮ ላይ ነው። ሁለት ቦታዎችን ልብ በሉልኝ።

አንደኛው ግራሃም ሌክተርን እስር ቤት ጠይቆ ሲወጣ ነው። ክፍሉ ነጭ በነጭ ነው፤ ጨለማ የለም፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ የለም። ሌክተርም ሁለት ሦስት ነገር ከመናገር ሌላ ያደረገው የለም። ግራሃም ግን ከክፍሉ ሲወጣ እርምጃው ይፈጥናል፣ ከዚያ ይሮጣል፣ ጠመዝማዛውን መውረጃ እየተንደረደረ ወርዶ ደጅ ሣሩ ላይ ሲደርስ ነው ትንፋሹን የሚሰበስበው። (ሕንጻው በእውነቱ አትላንታ የሚገኝ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው።) ይህቺን ክሊኒክ ውስጥ በየጊዜው እናያታለን፤ ፓኒክ አታክ ትባላለች። ልብ ድም ድም ይላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅና ከንፈር ይደነዝዛል፣ «አሁን ልሞት ነው» የሚል ስሜት ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካና ከዚያ ይወርዳል። አይገድልም፤ ሕክምናም አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣባችሁ ግን «ፓኒክ ነው» ብላችሁ ራሳችሁ አትወስኑ። የልብና የታይሮይድ ችግርም ይህንኑ ሊመስል ስለሚችል ተመርመሩ።

ሁለተኛው ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ግራሃም ከትንሽ ልጁ ጋር ዕቃ እየገዙ ነው። ልጁ ስለ ሌክተር፣ አባቱም ስለተኛበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይጠይቀዋል። አባትየው በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆሞ ይነግረዋል። አይዋሽም፣ አያለባብስም፣ ልጁን የሚያስጨንቅ ዝርዝር ውስጥም አይገባም። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሐሳቡ እንዳልዳነ፣ እርዳታ እንዳስፈለገው፣ እንደተሻለው ይነግረዋል። ለአንድ ነፍሰ ገዳይ ፊልም ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እኛ ቤት ምን ይደረጋል? እናት በመንፈስ ጭንቀት ሆስፒታል ስትተኛ ልጆቹ «ክፍለ ሀገር ሄዳለች» ይባላሉ። ልጅ ግን ሞኝ አይደለም። የሰዎችን ፊት ያያል፣ ሹክሹክታውን ይሰማል፤ ያልተነገረውን ደግሞ በራሱ ጥፋት ይሞላዋል፦ «እኔ ስለረበሽኩ ነው የታመመችው» ይላል። ስለዚህ ልጁ በሚገባው ቋንቋ ሦስት ነገር ንገሩት፤ እማዬ ታማለች፣ ሐኪሞች እየረዷት ነው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። ከዚህ በላይ ካልጠየቀ አትጨምሩ።

የፊልሙ መጨረሻ ከመጽሐፉ ይለያል። ግራሃም የዶላርሃይድን ቤት መስኮት ጥሶ ገብቶ ይገድለዋል፣ ወደ ቤተሰቡም ይመለሳል፤ አለቀ። መጽሐፉ ላይ ግን ዶላርሃይድ የሞተ አስመስሎ ያመልጥና ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ ግራሃምን ፊቱ ላይ ይወጋዋል፤ ተኩሳ የምትገድለው የግራሃም ሚስት ሞሊ ናት። በፊቱ ሲያፍር የኖረ ሰው የሌላውን ፊት አበላሽቶ ይሞታል። ይህቺን መራራ ነገር ማን ትቷታል።

ሁለተኛው በ2002 የወጣው «ሬድ ድራገን» ነው፤ ብሬት ራትነር አዘጋጀው። ስክሪፕቱን የጻፈው የ«ሳይለንስ»ን ስክሪፕት የጻፈው ቴድ ታሊ ነው። ኤድዋርድ ኖርተን ግራሃምን፣ ራልፍ ፋይንስ ዶላርሃይድን፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ ለሦስተኛ ጊዜ ሌክተርን ሆነው ይሠራሉ። የሚገርመው ካሜራውን የያዘው ዳንቴ ስፒኖቲ «ማንሃንተር»ንም የቀረጸው እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ያው ዓይን፣ ያው ታሪክ፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ልዩነት፤ ነጩ ክፍል ግን ጠፍቶ ሌክተር እንደ «ሳይለንስ» ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ፊልሙ የሚጀምረውም ሌክተር ግራሃምን ሲወጋው በማሳየት ነው። ሆፕኪንስን ይዞ በጥቂት ደቂቃ መሸኘት አይቻልማ!

በታሪክ ቅደም ተከተል ለመጽሐፉ የሚቀርበው ይሄ ነው። «ለምን?» ለሚለውም ቁርጥ ያለ መልስ አለው፦ አያቲቱ። ባዶው ቤት ውስጥ የሟቿ አያት ድምፅ ይሰማል። ልጁ አልጋ ላይ ስለሸና በመቀስ ብልትህን እቆርጠዋለሁ እያለች ታስፈራራዋለች። መጨረሻ ላይ ዶላርሃይድ የግራሃምን ልጅ ይይዝና ልጁ በፍርሃት ሱሪው ላይ ይሸናል። ግራሃምም ልጁን ለማዳን የአያቲቱን ስድብ በገዛ ልጁ ላይ ይደግመዋል፤ ገዳዩ የራሱን ልጅነት ስለሚያይበት ልጁን ለቆ ወደ ግራሃም ይዞራል። እንደ ድራማ በጣም ኃይለኛ ነው። ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው ቀመር ግን ይሄ ነው፦ አልጋ ላይ መሽናት ሲደመር የተሰነጠቀ ከንፈር ሲደመር ክፉ አያት፣ እኩል ይሆናል ገዳይ።

አሁን ወደዚያች እናት ጥያቄ እንምጣ።

በ1963 ጆን ማክዶናልድ የሚባል የአእምሮ ሐኪም የመግደል ዛቻ የሰነዘሩ ታካሚዎችን አይቶ ሦስት የልጅነት ነገሮችን አንድ ላይ አነሳ፤ አልጋ ላይ መሽናት፣ እሳት መለኮስ፣ እንስሳ ማሠቃየት። ነገሩ ከሕክምናው መጽሔት ወጥቶ ወደ ልቦለድና ወደ ፊልም ገባ፤ አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አልጋ ላይ መሽናት ወደፊት ገዳይ መሆንን ይተነብያል የሚለውን አልደገፉትም። ልጅ እንስሳ ሆን ብሎ የሚያሠቃይ ከሆነ አዎ፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ባለሙያም አማክሩ። ሽንት ግን ሽንት ነው።

በአምስት ዓመታቸው ከ100 ልጆች 15 ያህሉ አልጋ ላይ ይሸናሉ። በየዓመቱ ከእነዚህ ውስጥ 15 በመቶ ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና ይተዋሉ። አሥር ዓመት ላይ 5 በመቶ አካባቢ ይቀራሉ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ልጁ እንቅልፉ ከባድ ነው፣ ፊኛው ገና አልጠነከረም፣ ወይም ሌሊት ሽንት የሚቀንሰው ሆርሞን በበቂ አይመነጭም። በዘርም ይሄዳል። ከወላጆች አንዱ ልጅ እያለ እንዲህ ከነበረ ልጁ ላይ የመታየት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱም ከነበሩ ከ70 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ ከመምታታችሁ በፊት ቤት ያሉትን አያት ጠይቁ፤ «አንተስ እስከ ስንት ዓመትህ ነበር?» ተብሎ መልሱ ሲመጣ የሚስቅ አባት ብዙ ነው።

ምን ይደረግ? ቀን ላይ በደንብ ይጠጣ፣ ማታ ይቀንስ። ከመተኛቱ በፊት ይሽና። ድርቀት ካለበት ይታከም፤ የሞላ አንጀት ፊኛን ስለሚጫን ብዙ ጊዜ የተረሳው ምክንያት እሱ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖ ካስቸገረ የሚረዳ መድኃኒትም፣ እርጥበት ሲነካው የሚጮህ ማንቂያም አለ። ፍራሹን ሰፈር ሁሉ እንዲያየው ደጅ ማስጣት፣ በእህት ወንድሞቹ ፊት ማሸማቀቅ፣ መምታት፤ እነዚህ ሽንቱን አያቆሙም። ልጁን ነው የሚጎዱት።

ቶሎ ሐኪም ዘንድ መምጣት ያለበት የትኛው ነው? ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ደርቆ ቆይቶ እንደገና የጀመረ፣ ቀንም የሚያመልጠው፣ ሲሸና የሚያመው፣ ወይም ውኃ እየጠጣ የማይረካና የሚከሳ ልጅ። የመጨረሻው የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቀን አይሰጠውም። ደርቆ ቆይቶ የጀመረ ልጅ ጀርባ ደግሞ አንዳንዴ የሚያስፈራው ሰው ወይም የደረሰበት ጥቃት ይኖራል፤ በእርጋታ ጠይቁት።

ስለ ከንፈሩም ዝም ብዬ አላልፍም። በዓለም ላይ ከሚወለዱ ከ700 ያህል ሕፃናት አንዱ የከንፈር ወይም የላንቃ ስንጥቅ ይዞ ይወለዳል። የሚፈጠረው እርግዝናው ገና ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላው፣ የፊት ክፍሎች እርስ በርስ ሲገጣጠሙ ነው። እርግማን አይደለም፣ እናት ያየችው ነገርም አይደለም። ማጨስ፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ የስኳር በሽታ፣ እንደ ቫልፕሮየት ያሉ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ዕድሉን ይጨምራሉ፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳታማክሩ በራሳችሁ አታቋርጡ። የከንፈሩ ቀዶ ጥገና በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት፣ የላንቃው እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት ለመሳብ ስለሚቸገር ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚያሰጋው ረሃብ ነው፤ ስለዚህ በተወለደ ሳምንት ይታይ፣ አመጋገቡን እናት ትማር። ስማይል ትሬይን የሚባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት አገራችን ካሉ ሆስፒታሎች ጋር እየሠራ ቀዶ ጥገናው በነፃ ይሰጣል። «ብር የለንም» ብሎ ልጁን ጓዳ የሚደብቅ ቤተሰብ ካወቃችሁ ይህቺን ንገሩልኝ።

እዚህ ላይ ለሃሪስ ፍትሐዊ እንሁን። መጽሐፉ ላይ ዶላርሃይድ ከንፈሩ ተሰፍቶለታል፤ ሰው ሲያየው የሚሸሸው ፊት የለውም። «ስ» የሚለውን ድምፅ ላለመጥራት እየመረጠ ይናገራል እንጂ ንግግሩም ይሰማል። አስቀያሚው ፊት ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ መስታወት የሚሰባብረውም ለዚያ ነው። ራልፍ ፋይንስ መልከ መልካም ሰው መሆኑ አንዳንድ ተመልካች አልተዋጠለትም፤ እኔ ግን ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል። በደንብ የተሠራ ከንፈር የሚተወው ቀጭን መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ቀጭን ሆኖ ሳለ ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ አፉን በእጁ የሚሸፍን ከሆነ፣ ያቆሰለው ከንፈሩ ሳይሆን የተሰደበው ስድብ ነው።

በልጅነት የደረሰ በደል ሰውን ይጎዳል ወይ? በጣም። በ1998 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት በልጅነታቸው ብዙ መከራ ያዩ ሰዎች ካደጉ በኋላ ለድብርት፣ ለሱስ፣ ራስን ለማጥፋት ሙከራ፣ ለልብ ሕመም ጭምር ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ የዝርዝሩ አብዛኛው ራሳቸውን የሚጎዳ ነው። የተበደሉ ልጆች እጅግ አብዛኞቹ ማንንም አይገድሉም። ፊልም ስለነዚያ አይሠራም እንጂ።

ሦስተኛው «ሃኒባል» የሚባለው ተከታታይ ድራማ ነው፤ ከ2013 እስከ 2015 በኤንቢሲ ጣቢያ ተላለፈ። ብራያን ፉለር ነው የፈጠረው። ሦስት ሲዝን፣ 39 ክፍል አለው። የሚገርመው መጽሐፉ ራሱ የሚጀምረው የመጨረሻዎቹ ስድስት ክፍሎች ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አብዛኛው መጽሐፉ በጥቂት መስመር ያለፈውን የሌክተርንና የግራሃምን የቀድሞ ታሪክ በምናብ የሚሞላ ነው። እዚያ ውስጥ ነው እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ነገር ያለው።

በመጀመሪያው ሲዝን ግራሃም ራሱን ያመዋል፣ ያልበዋል፣ በእንቅልፉ ይሄዳል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሰዓታት ይጠፉበታል። ሌክተር፣ እዚህ ገና ያልታሰረ የተከበረ ሐኪም ነው፣ ሰዓት ሣል ይለዋል። ግራሃም የሣለው ሰዓት ቁጥሮቹ ወደ አንድ ጎን የተንሸራተቱ ሆኖ ይወጣል፤ ለእሱ ግን ልክ ነው የሚመስለው። ይህ ፈተና እውነተኛ ነው፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ከዚያ የአንጎል ምስል ይነሣል፣ ኤንሰፍላይቲስ የሚባለው የአንጎል መቆጣት ይገኛል። ሌክተርና የነርቭ ሐኪሙ ግን ተመካክረው ውጤቱን ይደብቁታል፤ «ምንም የለህም፣ ችግሩ የአእምሮ ነው» ይባላል። መጽሐፉ ላይ ይህ የለም፤ «ማንሃንተር» ላይም የ2002ቱ ላይም የለም።

ድራማው ለእኔ የሚያስፈራው በገደላዎቹ አይደለም፤ በዚህ ነው። ክፉ ሐኪም ሳያስፈልገው ይሄ ነገር በየቀኑ በቅን ሰዎች እጅ ይደርሳልና። ትናንት ደህና የነበረች የ20 ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ትቀባጥራለች፣ አትተኛም፣ ሰው ትጠራጠራለች። ቤተሰብ «ዓይን ነው»፣ «መንፈስ ነው» ይላል። አንዳንዴም ጤና ተቋም ደርሳ «የአእምሮ ነው» ተብላ ትመለሳለች። አንጎሏ ግን እየተቃጠለ ነው። ከዚህ ሕመም ዓይነቶች አንዱ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ አንጎልን የሚያጠቃበት፣ በደንብ የታወቀው በ2007 ነው፤ በብዛት ወጣት ሴቶችን ይይዛል፣ አንዳንዴም መነሻው የማህፀን እንቁላል አመንጪ ላይ ያለ እጢ ነው። እጢው ሲወጣና ሕክምናው ሲሰጥ አብዛኞቹ ይድናሉ። ሌላው በኸርፒስ ቫይረስ የሚመጣው ነው። ካልታከመ ከአሥር ሰባቱን ይገድላል፤ አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት በደም ሥር በጊዜ ከተጀመረ ግን ሞቱ በጣም ይቀንሳል። ወባም ማጅራት ገትርም በተመሳሳይ መልክ ሊመጡ ይችላሉ።

ስለዚህ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠባዩ የተለወጠ ሰው ላይ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንገት መድረቅ፣ አፍ መተሳሰር ወይም መፍዘዝ ከተጨመረ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚወሰደው። ያውም ዛሬውኑ። ጠበል መሄዳችሁን አልቃወምም፤ ብዙ ሰው ይጽናናበታል። ነገር ግን መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጠበል፤ መድኃኒቱም አይቋረጥ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ጠባዩ ተለወጠ» ብቻ አትበሉ፤ መቼ እንደጀመረ፣ ትኩሳት እንደነበረው፣ መንቀጥቀጥ እንደነበረው ተናገሩ። ያ አንድ አረፍተ ነገር የምርመራውን አቅጣጫ ይለውጠዋል።

ድራማው ወደ ዶላርሃይድ ሲመጣ ካሜራውን የሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ያስገባዋል። ሪቻርድ አርሚቴጅ ብዙም ሳይናገር ይሠራዋል። ዘንዶው ሲያገሳ እንሰማለን፣ ክንፉንም ጅራቱንም እናያለን፤ እሱ የሚያየውን እናያለን ማለት ነው። የድራማው መልስ እንግዲህ «ራእይ ያያል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ለዚህ ነው የሚገድለው» ይሆናል። ከሦስቱ መልሶች ያልወደድኩት ይሄን ነው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ የሌለ ነገር ማመን፣ ሳይኮሲስ ይባላል፤ ስኪዞፍሬኒያ ከዚህ ውስጥ አንዱ ነው። እንዲህ የታመመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይፈራል፣ ከሰው ይርቃል፣ ንጽሕናውን መጠበቅ ያቅተዋል፣ ሐሳቡ ይበታተንበታል። ለወራት አቅዶ፣ ሥራውን በደንብ እየሠራ፣ ዱካውን እያጠፋ በሌላ ከተማ ቤተሰብ የሚገድል ሰው ይህን አይመስልም። አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመምተኞች ማንንም አይጎዱም፤ ከመጉዳት ይልቅ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። አደጋው ከፍ የሚለው ሕመሙ ሳይታከም ሲቆይ፣ በተለይም መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ሲጨመርበት ነው። መንገዳችን ላይ ድንጋይ የሚወረወርበትን ሰው እንጂ የሚወረውረውን ለምን እናስታውሳለን? ቤት ውስጥ በሰንሰለት የታሰረ ታማሚ ዛሬም አለ፤ የታሰረው ብዙ ጊዜ በሠራው ሳይሆን ይሠራዋል ተብሎ በተፈራው ነው። «አማኑኤል ይግባ» የሚለው ቃል በአገራችን ስድብ የሆነውም ከዚሁ ፍርሃት ነው፤ አማኑኤል ግን ሰው ታክሞ የሚወጣበት ሆስፒታል ነው።

ሌክተርስ? ሌክተር በሦስቱም ስክሪን ላይ ድምፅ አይሰማም፣ ራእይ አያይም። ጥፋትና ልማትን በደንብ ይለያል፤ ሌላው ሰው ሲያመው እሱን አያመውም እንጂ። ባለሙያዎች ይህንን ጠባይ ሳይኮፓቲ ይሉታል፤ ካናዳዊው ሮበርት ሄር ባዘጋጀው 20 ነጥቦች ባሉት መመዘኛ ነው የሚለካው። ያም ሆኖ በፊልም እንደምናየው ዓይነት ሊቅ፣ ሙዚቃ አዋቂ፣ ምግብ አብሳይ የሚሆነው በልቦለድ ብቻ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሰው ሥራ የማይበረክትለት፣ ዋሾና ችኩል ነው። ሳይካትሪስት ፈርታችሁ ሕክምና ያቆያችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ የአእምሮ ሐኪም ታካሚውን እራት አይጋብዝም፣ ምስጢሩንም መሣሪያ አያደርግም። ሲጋብዛችሁ ግን ባትበሉ ይሻላል።

ሦስቱም ያልተውት አንድ ትዕይንት አለ። ዶላርሃይድ ሪባ ከምትባል ዓይነ ስውር የሥራ ባልደረባው ጋር ይሄዳል፤ በማደንዘዣ የተኛ ነብር አለ፣ ጥርሱን ሊታከም። ሪባ እጇን ጸጉሩ ውስጥ አስገብታ ትዳስሰዋለች፣ የልቡን ምት ታዳምጣለች። በ1986ቱ ጆአን አለን፣ በ2002ቱ ኤሚሊ ዋትሰን፣ በድራማው ሩቲና ዌስሊ ናቸው የሠሩት፤ ለእኔ ዋትሰን ትበልጣለች። ሪባ እንዲታዘንላት አትፈልግም፣ ራሷን ችላ ትኖራለች። የሰውየውን ፊት አይታ የማትፈርድ ብቸኛዋ ሰው እሷ በመሆኗ ነው እሱም ለጥቂት ቀን ከዘንዶው ጋር የሚታገለው። የ2002ቱን ፊልም ስለ አያቲቱ ብወቅሰውም ስለዚህ ክፍል አመሰግነዋለሁ።

ማየት ለምትፈልጉ፦ ሦስቱም ለአዋቂ ብቻ ናቸው፤ ልጆች ሳሎን ውስጥ እያሉ አትክፈቷቸው። ድራማው የተገደለ ሰውን አስከሬን እንደ ሥዕል አሳምሮ ያሳያል፤ ሆድ የሚያገላብጥ ነው። በቅርብ ሰው የሞተባችሁ፣ ጥቃት የደረሰባችሁ ወይም በቅዠት የምትነቁ ከሆናችሁ ለአሁኑ ይለፋችሁ። ሌሎቻችሁ ከ«ማንሃንተር» ጀምሩ፤ ስልክ ይዛችሁ አልጋ ውስጥ ሳይሆን አመሻሽ ላይ፣ ሳሎን ተቀምጣችሁ። የልጆች ሽንትን በተመለከተ የቀረ ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ዕድሜውንና መቼ እንደጀመረ ጻፉልኝ፤ የልጁን ስም አትጻፉ።